ሳይጠላ ጥላቻን የሰበከ

አንድ ጥያቄ ይዘን መጥተናል። ሰውን በቆዳው ቀለም የሚጠላ፣ ጥላቻውንም በአደባባይ የሚሰብክ አንድ ሰው አለ እንበል። ከጎኑ ሌላ ሰው አለ። ይኼኛው ማንንም አይጠላም፤ ነገር ግን ጥላቻ ድምፅ እንደሚያስገኝ ስለ ገባው የዚያኛውን ስብከት ተቀብሎ፣ እንዲያውም አሣምሮና አጋግሎ፣ በየገበያው ያሰማል። ከሁለቱ ማንኛው ይብሳል?

ጥያቄው መጀመሪያ ሲነሣ ቀላል መስሎን ነበር። ሁላችንም አንድ ዓይነት መልስ የምንሰጥ መስሎን ነበር ማለታችን ነው። አልሆነም። ግማሾቻችን «የሚጠላው ይብሳል እንጂ! ያ ሌላው እኮ ልቡ ንጹሕ ነው፤ ጊዜ ሲለወጥ ይመለሳል» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ልቡ ንጹሕ ከሆነማ ጥፋቱ እጥፍ ነው» አልን። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ክርክሩ አልበረደም። በመጨረሻ ነገሩን በባዶ ሜዳ ከምናንገላታው አንድ እውነተኛ ሰው ፈልገን በእሱ ላይ እንፈትነው ተባባልን። ያገኘነው ሰው ጆርጅ ዋላስ ይባላል፤ የአሜሪካዋ የአላባማ ስቴት አገረ ገዥ የነበረው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገረ ገዥ ሲባል በእኛ አገር ቃሉ ከላይ ተሹሞ የሚላከውን ሰው ያስታውሳል። በአሜሪካ ግን የስቴት አገረ ገዥ ወንበሩን የሚያገኘው ከስቴቱ ሕዝብ ድምፅ ነው። ከዋሽንግተን አይሾምም፤ ከዋሽንግተንም አይሻርም። በጀት አለው፤ ፖሊስ አለው፤ የብሔራዊ ዘብ ጦሩንም ፕሬዚዳንቱ በፌዴራል ትእዛዝ ሥር ጠቅልሎ ካልወሰደበት በቀር ያዝዛል። በደቡብ ስቴቶች ደግሞ በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ብቻውን ይነግሥ ስለ ነበር፣ እውነተኛው ግጥሚያ በፓርቲው ውስጥ የሚደረገው ቅድመ ምርጫ ነበር። እዚያ ያሸነፈ አለቀለት፤ ኖቬምበር ላይ የሚደረገው ዋናው ምርጫ ለወጉ ያህል ነው።

ዋላስ በ1919 ክላዮ በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደ የገጠር ልጅ ነው። በወጣትነቱ ቦክሰኛ ነበር፤ ይህ ጠባይ ኋላም አልተወውም። በ1948 በጥቁሮች መብት ጉዳይ የተቆጡ የደቡብ ዴሞክራቶች የፓርቲውን ጉባኤ ረግጠው ሲወጡ እሱ ከመቀመጫው አልተነሣም። ጥቁሮች የሚማሩበት የተስኪጊ ኢንስቲትዩት የባለአደራዎች ቦርድ አባልም ነበር። በ1953 ዳኛ ሆነ። ጄ. ኤል. ቼስትነት የሚባል ጥቁር ጠበቃ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚያ ዘመን ሲመሰክር፣ ዋላስ በችሎት ላይ «ሚስተር ቼስትነት» ብሎ ይጠራው እንደ ነበር ተናግሯል። እኛ አሁን «ታዲያ ይኼ ምን ይደንቃል?» ልንል እንችላለን። ነገር ግን በእኛ ቋንቋ «አንተ» እና «እርስዎ» በሚባሉት መካከል ያለውን ርቀት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። በዚያ አገር በዚያ ጊዜ ጥቁር ሰው ሽማግሌም ቢሆን፣ ጠበቃም ቢሆን፣ «አንተ» ነው፤ አልፎ ተርፎም «አንተ ልጅ» ነው።

ይህን ስንል ዋላስን ጻድቅ ማድረጋችን አይደለም። ጥቁርና ነጭ ተለያይተው ይማሩ፣ ተለያይተው ይሳፈሩ የሚለውን ሥርዓት በአደባባይ የተቃወመ ሰው አልነበረም። ልዩነቱ ይህን ነገር የሚበላው እንጀራ አላደረገውም ነበር።

በ1958 ለአገረ ገዥነት ቀረበ። የሚናገረው ስለ መንገድ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ድኻው ገበሬ ነበር። ዋናው ተፎካካሪው ጆን ፓተርሰን የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነው። የፓተርሰን አባት በ1954 ለዚያው ሥልጣን በቅድመ ምርጫ አሸንፎ ሳለ፣ ቁማርተኞችና ወንበዴዎች በሠለጠኑባት በፌኒክስ ሲቲ ከተማ በጥይት ተገደለ፤ ልጁ በአባቱ እግር ገባ። ሕዝቡ አዝኖለት ነበር። እሱ ግን በሐዘኑ ብቻ አልረካም። በ1956 ለጥቁሮች መብት የሚከራከረው ትልቁ ማኅበር በአላባማ ምድር እንዳይንቀሳቀስ በፍርድ ቤት አሳገደ። ኩ ክላክስ ክላን የሚባለው ጭምብል ለባሽ የነጮች ማኅበር ፓተርሰንን ደገፈ። ዋላስ ክላንን ነቀፈ፤ የጥቁሮቹም ማኅበር ድጋፉን ለዋላስ ሰጠ። በሁለተኛው ዙር ዋላስ ተሸነፈ።

ከሽንፈቱ በኋላ ለቅርብ ወዳጆቹ ተናገረው የሚባል አንድ ቃል አለ። እሱ ክዶታል፤ ሰማነው የሚሉ አሉ። ቃሉ ነውረኛ ስለ ሆነ በዚህ ገጽ አናሰፍረውም። ፍሬ ነገሩ ግን ይኼ ነው፦ ጥቁሮችን በማዋረድ ከእንግዲህ ማንም አይበልጠኝም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ይህን ቃል ብሎትም ይሁን አይሁን፣ ቃሉ የሚገልጸው ውሳኔ መወሰኑን ሥራው ይመሰክራል። ውሳኔው ደግሞ የተወሰነው አንድ ሰው በጠላትነት ሲንጨረጨር አይደለም። የተሸነፈ ሰው ሒሳብ ሲያደርግ ነው። «ስለ መንገድ ተናገርኩ፤ ሰሙኝ፤ ሄዱ። ያኛው ስለ ጥቁሮች ተናገረ፤ ወለሉን በእግራቸው ደበደቡለት።» ይህ ሒሳብ ለማንኛችንም እንግዳ አይደለም። እውነት ይዞ የተሸነፈ ሰው ሌሊቱን ተገላብጦ «እውነቱ ምን ጠቀመኝ?» ብሎ ይጠይቃል። መጠየቁ ኃጢአት አይደለም። ጧት ተነሥቶ የሚያደርገው ነው ጉዳዩ።

ጧት ተነሥቶ ያደረገውን እንይ። የፌዴራሉ መንግሥት የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ጥቁሮች ለምን በመራጭነት እንደማይመዘገቡ ለመመርመር የየወረዳውን መዝገብ ጠየቀ። ዳኛ ዋላስ «አልሰጥም፤ ይሠሩኝ» አለ። ጋዜጦች ጻፉ፤ ነጩ ገበሬ «ጀግና!» አለ። ጉዳዩ የቀረበው ለፌዴራሉ ዳኛ ለፍራንክ ጆንሰን ነበር። ይህ ጆንሰን የዋላስ የሕግ ትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። በጃንዋሪ 1959 ጆንሰን የሰጠው ውሳኔ አስቂኝም አሳዛኝም ነው፤ ዋላስን በፍርድ ቤት መድፈር አልቀጣውም፤ ለምን ቢባል መዝገቦቹን በስውር፣ በሌላ ሰው እጅ አሳልፎ መስጠቱ ስለ ተረጋገጠ ነው። በአደባባይ ጀግና፣ በጓዳ ታዛዥ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ አይደል?

በ1962 እንደገና ቀረበ፤ አሁን ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ፌዴራል ዳኞችን፣ ከሁሉ በላይ ያንን የድሮ ጓደኛውን፣ በስም እየጠራ ሰደበ። አሸነፈ። በጃንዋሪ 14 ቀን 1963 ቃለ መሐላ ሲፈጽም ንግግሩን የጻፈለት ኤሳ ካርተር የሚባል የክላን ሰው ነበር። ዛሬም ነገም ለዘላለምም መለያየት ይኑር ያለው ንግግር ያ ነው። ቃሉ የክላኑ ሰው ነው፤ ድምፁ የዋላስ ነው። እኛ የምንጠይቀውን ጥያቄ እንዲህ አድርጎ ያሳየን የለም፤ የሚጠላው ጻፈ፤ የማይጠላው አነበበ። ካርተር ብቻውን ቢጮኽ ኖሮ ስንት ሰው ይሰማው ነበር?

በጁን 11 ቀን 1963 ዋላስ በታስካሉሳ ከተማ ባለው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ቆመ። ቪቪያን ማሎንና ጄምስ ሁድ የሚባሉ ሁለት ጥቁር ተማሪዎች ሊመዘገቡ መጥተዋል። ተማሪ ነን፤ ለመመዝገብ መሰለፍ ምን እንደሆነ እናውቃለን። እነሱ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሲጠብቁ የፌዴራሉ ምክትል ዐቃቤ ሕግ ኒኮላስ ካትዘንባክ በሩ ድረስ ሄደ። ዋላስ ያዘጋጀውን ጽሑፍ በካሜራ ፊት አነበበ። ከሰዓት በኋላ ኬኔዲ የስቴቱን የዘብ ጦር በፌዴራል ሥር አድርገው ጄኔራሉ መጥቶ «ዞር ይበሉ» ሲለው ዞር አለ። ተማሪዎቹም ገቡ። እንደሚገቡ ዋላስ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ዞር እንደሚልም ያውቅ ነበር። ታዲያ በሩ ላይ የቆመው ለማን ነው? ከበሩ ማዶ ላሉት ሁለት ልጆች አይደለም፤ ካሜራውን ለሚያይ መራጭ ነው።

«ቲያትር ከሆነ ታዲያ ምን ጎዳ?» የሚል ወዳጅ አለን። መልሱን ከዚያው ዓመት እናገኘዋለን። በሴፕቴምበር 15 ቀን 1963 እሑድ ጧት በበርሚንግሃም በአሥራ ስድስተኛው መንገድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የተቀበረ ቦምብ ፈንድቶ አራት ሴቶች ልጆች ሞቱ። ሦስቱ 14 ዓመታቸው ነበር፤ አንዷ 11። ቦምቡን ያጠመዱት የክላን ሰዎች ናቸው፤ ዋላስ አይደለም። ማርቲን ሉተር ኪንግ ግን ለዋላስ በላከው ቴሌግራም የልጆቹ ደም በእጅህ ላይ ነው ብሎታል። ኪንግ ልክ ነው እንላለን። ቲያትር ተመልካች አለው። ከተመልካቹ መካከል ቲያትር መሆኑ ያልገባው ሰው አለ። ተዋናዩ መጋረጃ ሲወርድ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ያ ሰው ግን ዲናሚት ይዞ ይወጣል። በማርች 7 ቀን 1965 በሰልማ ድልድይ ላይ የመምረጥ መብት ጠይቀው የተሰለፉትን ጥቁሮች በዱላና በአስለቃሽ ጋዝ የበተኑት ደግሞ የክላን ሰዎች እንኳ አልነበሩም። የአገረ ገዥው ፖሊሶች ከአካባቢው ሸሪፍ ሰዎች ጋር ነበሩ።

እንግዲህ ለዋላስ ከሚቀርቡት ማመካኛዎች ትልቁን እናንሣ። «ሕዝቡ ነው የፈለገው። ዴሞክራሲ ከሆነ የሕዝብን ፍላጎት መከተል ነው። ሕዝቡ ሌላ ቢፈልግ ሌላ ይሰብክ ነበር።» ይህን ያሉት ከእኛው መካከል ናቸው፤ ሞኝ ሰዎችም አይደሉም።

ለመሆኑ «ሕዝቡ» ማነው? በ1901 የወጣው የአላባማ ሕገ መንግሥት የተጻፈው ጥቁሩን ከምርጫ ለማስወጣት ነው፤ ጸሐፊዎቹም አልደበቁትም። ከዚያ በፊት ለመምረጥ ዕድሜያቸው የደረሰ ጥቁር ወንዶች ከ180,000 በላይ ነበሩ፤ በ1903 በመዝገቡ ላይ የቀሩት ከ3,000 በታች ናቸው። ዘዴው ብዙ ነው። የንባብ ፈተና፣ የንብረት መስፈርት፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ለመምረጥ የሚከፈል ግብር። ግብሩ በዓመት 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው፤ ያልተከፈለው ግን ዓመት በዓመት እየተጠራቀመ እስከ 36 ዶላር ይደርስ ነበር። በ1953 እስኪሻሻል ድረስ ይህ ዕዳ ድኻውን ነጭም ከምርጫ አስወጥቶታል። ይህን ልብ እንበል፤ ጥቁሩን ለማስወጣት የተዘረጋው ወጥመድ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ጭቁን ነጭ ይዞበታል። በ1965 መጀመሪያ ላይ ላውንድስ በምትባለው ወረዳ ከነዋሪው ከአምስቱ አራቱ ያህሉ ጥቁር ሆኖ ሳለ አንድም የተመዘገበ ጥቁር መራጭ አልነበረም። አንድም!

ጎረቤቷ ጆርጂያ ደግሞ ሌላ ብልኀት ነበራት። 159 ወረዳዎች አሏት። በአገረ ገዥው ቅድመ ምርጫ የሚቆጠረው የሰው ድምፅ ሳይሆን የወረዳ ነጥብ ነው፤ ትልልቆቹ ስድስት ስድስት፣ መካከለኞቹ አራት አራት፣ የቀሩት ሁለት ሁለት። ስለዚህ ሦስት የገጠር ወረዳዎች ሲደመሩ አትላንታ ካለችበት ወረዳ ጋር እኩል ሆኑ። በ1946 ዩጂን ታልማጅ ከተፎካካሪው ያነሰ የሕዝብ ድምፅ አግኝቶ በነጥብ አሸነፈ። ወንበሩን ሳይዝ ዲሴምበር ላይ ሞተ። ከዚያ የሆነውን ለጨዋታ ያህል እናውጋችሁ። ልጁ «እኔ ነኝ አገረ ገዥ» አለ፤ ነባሩ አገረ ገዥ «አለቅም» አለ፤ አዲሱ ምክትል አገረ ገዥ «ለእኔ ይገባል» አለ። አንድ ስቴት ሦስት አገረ ገዥ! ለልጁ ከተቆጠሩት ድምፆች ውስጥ ከአባቱ ወረዳ ዘግይተው የተገኙት በአንድ እጅ የተጻፉ ነበሩ፤ ስማቸው ከሰፈረው መራጮችም የሞቱ እንደ ነበሩባቸው ጋዜጠኛ ደረሰበት። በማርች 1947 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለምክትሉ ፈረደ። የወረዳ ነጥቡ ሥርዓት ግን እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ቆየ።

ወደ ነገራችን እንመለስ። በሩን ዘግቶ ውስጥ የቀሩትን ብቻ «ሕዝብ» ብሎ መጥራት፣ ከዚያም «ሕዝቡ እንዲህ አለ» ማለት፣ ራስ ባዘጋጁት ምስክር መመስከር ነው። ዋላስ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ መዝገቡ በእጁ ነበራ! ያንን የደበቀውን፣ በስውር የሰጠውን መዝገብ ማለታችን ነው። ማን እንዳለበትና ማን እንደሌለበት ገልጦ አይቷል።

«እሺ፣ ግን ከመራጩ ፊት ቆሞ ሌላ ነገር መናገር የሚቻል ነበር ወይ?» ይባላል። ይቻል ነበር። ምስክራችን ጂም ፎልሰም ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚሆነው ይህ ሰው በ1946 ለአገረ ገዥነት ሲወዳደር የገጠር ሙዚቀኞች አስከትሎ፣ የወለል መወልወያና ባልዲ ይዞ «ሞንትጎመሪን አጥባታለሁ» እያለ ዞረ፤ ሳንቲሙንም በባልዲው ሰበሰበ። አሸነፈ። በ1949 የገና በዓል መልእክቱ፣ ጥቁሮቹ በድህነትና በማጣት እስከ ተረገጡ ድረስ የቀረውም ድኻ አብሮ እንደ ተረገጠ ይኖራል ብሎ በራዲዮ ተናገረ። ይህን በኋላ ታትሞ በወጣ መጽሐፍ ላይ አይደለም የተናገረው፤ በሥልጣን ላይ ሆኖ፣ በአላባማ፣ በ1949 ነው። ይህን ካለ በኋላም በ1954 ተወዳድሮ እንደገና አሸነፈ። በዚያ ውድድር በደቡብ አላባማ ዘመቻውን የመራለት ማን ይመስላችኋል? ጆርጅ ዋላስ። መንገዱን አያውቀውም ነበር እንዳንል ይህ አፋችንን ይዘጋዋል።

ፎልሰምን ታቦት አናደርገውም። ጠጪ ነበር፤ በዙሪያው ያሉት ሰዎች የሕዝብ ገንዘብ በልተዋል። በ1955 አዳም ክሌይተን ፓውል የሚባለውን ጥቁር የምክር ቤት አባል በአገረ ገዥው ቤት ተቀብሎ አብሮት ጠጣ፤ ነጮቹም በዚህ ምክንያት ሊውጡት ደረሱ። በፌብሩዋሪ 1956 ኦተሪን ሉሲ የምትባለዋን የመጀመሪያ ጥቁር ተማሪ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ዐመፀኞች ሲያባርሯት ከዋና ከተማው ርቆ ነበር፤ ሊያስጥላትም አልደረሰም። በ1962 ከዋላስ ጋር ሲወዳደር በምርጫው ዋዜማ በቴሌቪዥን ሰክሮ ታየና ነገሩ አበቃ። እንዲህ ያለ ጉድለት ያለበት ሰው ያንን የገና ቃል ከተናገረ፣ ጉድለት የሌለበት ብርቱ ዳኛ ምን አገደው?

አንድ ሌላ ሰው ደግሞ አለ፤ ስለ እሱ ባነበብን ቁጥር ከዋላስ ይልቅ አባቱ ትዝ ይለናል። የአርካንሳው አገረ ገዥ ኦርቫል ፎበስ በ1957 ዘጠኝ ጥቁር ልጆች በሊትል ሮክ ወደሚገኘው ሴንትራል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ወታደር ያቆመው ነው። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ለዘብተኛ ይባል ነበር። በ1956 ምርጫ ከእሱ የባሰ ዘረኛ ተነሣበትና ደነገጠ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ በኩል ማንም እንዳይቀድመው ወሰነ። በድምሩ ስድስት ጊዜ ተመረጠ። አባቱ ሳም ፎበስ ድኻ ገበሬና ሶሻሊስት ነበር። ለልጁ የመካከለኛ ስም «ዩጂን» ያለው በሠራተኞች መሪው በዩጂን ዴብስ ስም ነው። ልጁ አገረ ገዥ ሆኖ ያንን ሁሉ ሲያደርግ፣ ሽማግሌው በብዕር ስም ለስቴቱ ትልቅ ጋዜጣ ደብዳቤ እየጻፈ ልጁን ይነቅፍ ነበር። በብዕር ስም! ይህን ስናነብ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለናል። አንድ አባት ልጁን ማሳፈር አልፈለገም፤ ዝም ማለትም አልቻለም።

ሁለተኛው ማመካኛ ሥልጣኑ ለበጎ ነገር ውሏል የሚለው ነው። ዋላስ ለስቴቱ ብዙ የሙያና የሁለት ዓመት ኮሌጆች ሠርቷል፤ ለተማሪዎች ነፃ የመማሪያ መጽሐፍ ሰጥቷል። እውነት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ከሚሉት ሹሞች ጋር ሲነጻጸር ደህና ሠራተኛ ነበር። ነገር ግን ሥልጣኑን ለማግኘት የከፈለው ዋጋ የራሱ ኪስ ገንዘብ አልነበረም። በሰው ገንዘብ ለሰው ኮሌጅ መሥራት ይቻላል፤ በሰው ክብር ግን? ደግሞም ኮሌጁ የመጣው ሥልጣኑን ለማቆየት ነው ወይስ ሥልጣኑ የመጣው ኮሌጁን ለመሥራት? በ1966 ሕገ መንግሥቱ በተከታታይ ሁለተኛ ጊዜ እንዳይወዳደር ስለ ከለከለው ሚስቱን ሉርሊንን አስመርጦ በእሷ ስም ገዝቷል፤ እሷም በ1968 በሥልጣን ላይ ሳለች በነቀርሳ ሞተች። ኮሌጅ ለመሥራት ብቻ ያን ያህል መንገድ አይኬድም።

አሁን ወደ ዳኛው ጓደኛ፣ ወደ ፍራንክ ጆንሰን። ከዚያው አላባማ የበቀለ፣ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማረ ነጭ ነው። በ1956 የሞንትጎመሪን አውቶቡሶች መለያየት ከሻሩት ዳኞች አንዱ ነው። በ1965 ከሰልማ እስከ ሞንትጎመሪ የሚደረገው ሰልፍ እንዲካሄድ የፈቀደው እሱ ነው። ከእኛ አንዱ «እሱማ ምን አለበት፤ ለዕድሜ ልክ የተሾመ ዳኛ ነው፤ መራጭ አያባርረው» ብሎ ተከራከረ። ግማሽ እውነት አለው። ምርጫ ሰውን የሚያስፈራበት መንገድ አለ። ሆኖም ጆንሰንም በነፃ አላገኘውም። ብዙ ወዳጆቹ ሸሹት፤ በ1967 የእናቱ ቤት በቦምብ ተመታ። መራጭ የማያባርረውን ቦምብ ያባርረዋል፤ እሱ ግን ከችሎቱ አልተነሣም።

ስለዚህ በዚህ ቦታ አብዛኞቻችን አንድ ሐሳብ ላይ ደረስን። የሚጠላው ሰው በጥላቻው የታሰረ ነው። ከእናቱ ጡት ጋር የጠጣው፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የተነገረው ነው። በደለኛ ነው፤ ግን ቁልፉ በእጁ የለም። የማይጠላው ቁልፉን ይዟል። በሩን ከፍቶ ሌሎችን ሊያወጣ ሲችል ቁልፉን ወደ ኪሱ ከትቶ «ውጭ ጨለማ ነው፤ እዚሁ ቆዩ» የሚል እሱ ነው። ለተጠላው ብቻ አይደለም ጥፋቱ፤ ለሚጠላው ነጭ ድኻም ነው። ያ ድኻ የሚያምነውን አንድ ሰው አግኝቶ ነበር።

እዚህ ላይ ጽሑፉን ልንጨርሰው ነበር። ከእኛ አንዷ ግን «ቆዩ፣ ሰውዬው እኮ አልሞተም ገና» አለችን። ማለቷ ታሪኩ አላለቀም ነው። አላለቀም።

በሜይ 1972 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ሜሪላንድ ውስጥ በጥይት ተመታና ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በ1979 ኪንግ በአንድ ወቅት ያገለግልበት በነበረው በሞንትጎመሪው የዴክስተር አቬኑ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ወደ ነበሩ ጥቁሮች ሳይጠራ በተሽከርካሪ ወንበር ሄደ። ሥቃይ ምን እንደሆነ ዛሬ ገብቶኛል፣ ይቅር በሉኝ አለ። በ1982 እንደገና ለአገረ ገዥነት ቀረበ፤ ብዙ ጥቁሮች መረጡት። ጥቁሮችንም በሹመት አስገባ።

«ይኸው!» አሉ የመጀመሪያዎቹ ግማሾቻችን። «ልቡ ንጹሕ ነው አላልንም? ተመለሰ!» ሌሎቻችን ደግሞ ቀኑን ቆጠርን። በኦገስት 1965 የወጣው የመምረጥ መብት ሕግ በአላባማ ጥቁሮችን በብዛት ወደ መዝገቡ አስገብቷል። በ1970 ምርጫ ዋላስ ያንኑ የድሮ ዘፈኑን ዘፍኖ ነው ያሸነፈው። ንስሐው የደረሰው መዝገቡ ከሞላ በኋላ ነው። ክፉ አሳቢዎች ከሆንን ይቅር በሉን፤ ግን ያ የ1958 ሒሳብ እንደገና የተሠራ ሊሆን አይችልም? ጥላቻውም የድምፅ፣ ፍቅሩም የድምፅ?

ይህን ብለን ካሸነፍን በኋላ የ1995ቱ ነገር መጣብን። በማርች 1995 የሰልማው ሰልፍ ሠላሳኛ ዓመት ሲከበር ሰልፈኞቹ ሞንትጎመሪ ሲደርሱ ዋላስ በተሽከርካሪ ወንበሩ ጠበቃቸው። ሥልጣን ከለቀቀ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ጆሮው ደንቁሯል፤ ድምፁ ስለ ደከመ ንግግሩን ሌላ ሰው አነበበለት። የሚወዳደርበት ምርጫ የለም። ከዚያ ቀን የሚያተርፈው አንድም ድምፅ የለም። ይኼን በእኛ ሒሳብ ልናስገባው ሞከርን፤ አልገባም። በሩ ላይ የከለከለው ጄምስ ሁድ በ1997 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ሲቀበል ዋላስ በእጁ ሊሰጠው አስቦ ሕመሙ ከለከለው። በሴፕቴምበር 1998 ሲሞት ሁድ ከቀብሩ ተገኘ።

ስለ ይቅርታው መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም፤ የተበደሉት ሰዎች ሥራ ነው፤ እነሱም ብዙዎቹ ይቅር ብለዋል። ያነሣነው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ ከሁለቱ የትኛው ይብሳል የሚል። ሁድ ይቅር አለ ማለት የዚያ የክረምት ንግግር ቀለለ ማለት አይደለም። አራቱ ልጆች ደግሞ በ1995 ከሰልፈኞቹ ጋር አልነበሩም።

ሌላዋ ተማሪ ቪቪያን ማሎን በ1965 ከዩኒቨርሲቲው ተመረቀች፤ ከዚያ የተመረቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር እሷ ናት። በፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ከሠራች በኋላ በአትላንታ ጥቁሮችን በመራጭነት የሚያስመዘግብ ድርጅት መራች። በ1996 የዋላስ ቤተሰብ ያቋቋመው ድርጅት በሟች ሚስቱ ስም የተሰየመ የጀግንነት ሽልማት ሲሰጣት ሄዳ ተቀበለች። ሸላሚው ዋላስ ነበር።